ሕግ አውጪው ሲከሰስ ቀሚሱን ማን ይመርምር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

   

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ጥያቄ ነው። ይህች እህት ኑሮዋ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሴት ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፖለቲካ ሳይንስ ትማራለች። በዕረፍት ወራት በአንድ የሕዝብ ተወካይ ቢሮ ውስጥ በተለማማጅነት ለመሥራት አመልክታለች። ልጅቱ ደስ ብሏታል፤ የእናቷ ልብ ግን አላረፈም። «ልጄ ሱቅ ወይም ሆስፒታል ተቀጥራ አለቃዋ ያልተገባ ነገር ቢያደርግባት የት አቤት እንደምትል አውቃለሁ» ትላለች እናት። «ሕጉን የሚያወጣው ሰው ራሱ ቢያስቸግራትስ? አቤት የምትለው ለማን ነው? የሚፈርዱትስ ጓደኞቹ አይደሉም ወይ?»

ጥያቄው የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። ልጅ ያለው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ስለሆነም በዛሬው ዝግጅታችን በሕዝብ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት በወሲባዊ ትንኮሳ ሲከሰሱ ጉዳዩ እንዴት እንደሚያዝ በሁለት ታላላቅ ምክር ቤቶች፣ በዋሽንግተኑና በለንደኑ፣ የደረሰውን እያነሣን እንወያያለን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ስም የምንጠራው በአደባባይ የታወቀውን ብቻ ነው። ተከሳሹ አላደረግሁም ያለውንም አላደረግሁም ብሏል ብለን እንናገራለን። ሐሜት ሐራም መሆኑን እያስተማርን በሐሜት ዝግጅት ልናሰናዳ አይገባንምና።

የቀሚሱ ምስክርነት

ሁላችንም ለልጆቻችን የምንተርከው የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ አለ። የባለ ሥልጣኑ ሚስት በወጣቱ ዩሱፍ ላይ በሩን ዘጋች። እርሱ ሸሸ፤ እርሷ ከኋላ ይዛ ቀሚሱን ቀደደችው። በሩ ላይ ባሏን ሲያገኙት ፈጥና ከሳሽ ሆነች። ያን ጊዜ ከራሷ ቤተሰብ የሆነ አንድ መስካሪ የተናገረውን ታስታውሳላችሁ። «እርሷ እመቤት ናት፣ ትታመን» አላለም። «እርሱ ባሪያ ነው፣ ይቀጣ» ብሎም አልፈረደም። ቀሚሱን እዩ አለ። ከፊት የተቀደደ ከሆነ እርሷ እውነት ተናግራለች፤ ከኋላ የተቀደደ ከሆነ እርሱ እውነተኛ ነው። ቀሚሱ ታየ፤ ከኋላ ተቀዶ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ክፍል ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እውነቱ ከታወቀ በኋላም ወደ ወህኒ የወረደው ዩሱፍ ነበር። ማስረጃ አልጠፋም ነበር። የጠፋው በማስረጃው የሚፈርድ ሰው ነው። ውሳኔው የተሰጠው የቤቱ ክብር እንዲጠበቅ በሚፈልጉ ሰዎች ነበር።

በዚያ ታሪክ ኃይል የነበራት ከሳሿ ናት። ዛሬ በምክር ቤቶች ውስጥ በምንሰማው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ያለው ተከሳሹ ነው። ሚዛኑ ግን አንድ ነው። የሰውየው ወንበር ሳይሆን ቀሚሱ ይታይ። ቀሚሱን የሚያየውም በቤቱ ክብር ጥቅም የሌለው ሰው ይሁን።

የተመራጭ ቢሮ ከሌላው በምን ይለያል?

በአሜሪካ ኮንግረስ ውስጥ 100 ሴናተሮችና 435 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አሉ። እያንዳንዳቸው ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው ይቀጥራሉ፤ ራሳቸው ያሰናብታሉ። እንግዲህ ኮንግረስ አንድ መሥሪያ ቤት ይምሰል እንጂ በውስጡ 535 አለቆች ያሏቸው 535 ትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው። ነገ ሌላ ሥራ ለማግኘት የዚያ ሰውዬ የድጋፍ ቃል ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ላይ የፓርቲ ፍቅር ይጨመራል። ወጣቷ ቢሮው የገባችው በዓላማ አምና ነው። በደሏን ብትናገር የምትወደው ፓርቲ ወንበር ሊያጣ ነው። ጓደኞቿ «አሁን ጊዜው አይደለም፣ ምርጫው ይለፍ» ይሏታል። ምርጫው ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ምርጫ ይመጣል። እርሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ትቀመጣለች።

ከሁሉ የሚብሰው የዳኝነቱ ነገር ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን አባላት እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅም አባሉን ሊያባርር ይችላል። ዓላማው መልካም ነበር። ንጉሥ ወይም ፕሬዚዳንት ሕዝብ የመረጠውን ሰው እንደ ፈለገ እንዳያነሣው ነው። ውጤቱ ግን አባል በአባል ላይ ዳኛ እንዲሆን አደረገ። ዛሬ የሚፈርደው ሰው ነገ ለራሱ ሕግ የተከሳሹን ድምፅ ይለምናል።

የሴናተሩ ማስታወሻ ደብተር

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ 1992 እንመለስ። ቦብ ፓክውድ ከኦሪገን ግዛት የተመረጡ ሴናተር ነበሩ። በምክር ቤቱ ውስጥ በሴቶች መብት ደጋፊነታቸው የታወቁ ሰው ናቸው። በኅዳር ወር 1992 ምርጫቸውን አሸነፉ። ሳምንታት ሳይቆዩ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ 10 ሴቶች ያቀረቡባቸውን የትንኮሳ ክስ ይዞ ወጣ። ከከሳሾቹ መካከል አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ይገኙባቸዋል።

የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ። ሴናተሩ የግል ማስታወሻ ደብተር ይይዙ ነበርና ኮሚቴው ደብተሩን ጠየቀ። አልሰጥም አሉ። በኅዳር 1993 ሴኔቱ በ94 ድምፅ በ6 ተቃውሞ ደብተሩ በሕግ አስገዳጅነት እንዲቀርብ ወሰነ። በመጨረሻም በመስከረም 1995 ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ይባረሩ አለ። እርሳቸውም በማግሥቱ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ውድ አድማጮቻችን! በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥሩና አንድ መጥፎ ነገር አለ። ጥሩው ነገር ምክር ቤቱ ማስረጃ መፈለጉ ነው። ወሬ ሰምቶ አልፈረደም፤ ደብተሩን አስመጣ፣ ምስክር ሰማ፣ ጻፈ። የኮሚቴው መዝገብ ከ10 ሺህ ገጽ በላይ ነበር። መጥፎው ነገር ደግሞ ጊዜው ነው። ጋዜጣው ከወጣበት ቀን እስከ ስንብቱ ድረስ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አሥር ሴቶች በአንድነት ተናግረው፣ ታላቅ ጋዜጣ ጽፎላቸው ይህን ያህል ከፈጀ፣ ብቻዋን የሆነችውማ ምን ተስፋ አላት?

ዘጠና ቀን የቆየ በር

በዚያው በ1995 መጀመሪያ ኮንግረስ ለሌላው አሠሪ ያወጣቸውን የሥራ ሕጎች በራሱም ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከብዙዎቹ ሕጎች ራሱን ነፃ አድርጎ ነበር። አዲሱ ሕግ ስሙ የተጠያቂነት ሕግ ነበር። በሩን ግን እንዴት እንደሠራው ተመልከቱ።

የተበደለችው ሠራተኛ መጀመሪያ እስከ 30 ቀን የምክር አገልግሎት መውሰድ ነበረባት። ቀጥሎ 30 ቀን የግዴታ ሽምግልና ይከተላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ 30 ቀን ነገሩ እስኪበርድ ትቆያለች። ፍርድ ቤት መሄድ ወይም ክሷን በሕግ ማሰማት የምትችለው ይህን ሁሉ ካለፈች በኋላ ነው። በነዚህ ወራት ሁሉ የምትሠራው የት ነው? እዚያው ቢሮ፣ ከዚያው ሰውዬ ጋር።

ሽምግልና በእኛ ዘንድ የተከበረ ነው። ሰማይ ቢቀደድ ሽማግሌ ይሰፋዋል እንላለን። ሽምግልና ግን የሚያምረው ሁለቱ ወገኖች ወድደው ሲቀመጡበት ነው። አንዱ እንጀራ ሰጪ ሌላው እንጀራ ፈላጊ ሆነው፣ በግዴታ ሲቀመጡ፣ የደካማው ጉልበት ማድከሚያ ይሆናል።

ካሳ ሲከፈልም ከአባሉ ኪስ አልነበረም። በመንግሥት ግምጃ ቤት ለዚሁ የተዘጋጀ ሂሣብ ነበር። ከ1997 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ለ264 ጉዳዮች ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ይህ ገንዘብ ሁሉ የትንኮሳ ካሳ አለመሆኑን ልብ በሉ። በዘር፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት የተነሡ የሥራ ክሶችም አሉበት። ችግሩ የትኛው ለምን እንደተከፈለ ሕዝቡ አለማወቁ ነው። የከፈለው ግን ሕዝቡ ነበር።

የ2017ቱ መከር

በጥቅምት 2017 በአንድ ታዋቂ የፊልም ሰው ላይ የወጣው ዜና የዓለምን ሴቶች አፍ ከፈተ። ከካሊፎርኒያ የተመረጡት የምክር ቤት አባል ጃኪ ስፒር በዚያው ወር ወጣት ሠራተኛ ሳሉ በኮንግረስ ቢሮ ውስጥ የደረሰባቸውን ተናገሩ። ሌሎችም እንዲናገሩ ጋበዙ። በተከታዮቹ ሳምንታት የሆነውን በሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛው የሚሺጋኑ ጆን ካንየርስ ናቸው። ከ1965 ጀምሮ በተወካዮች ምክር ቤት የቆዩ አንጋፋ ሰው ነበሩ። ከአንዲት የቀድሞ ሠራተኛቸው ጋር ለነበረ ጉዳይ ከ27 ሺህ ዶላር በላይ ከቢሮአቸው በጀት ተከፍሎ መዘጋቱ ታወቀ። እርሳቸው ስምምነቱ መኖሩን አምነው ክሱን ግን አስተባበሉ። በታኅሣሥ 2017 ወንበራቸውን ለቀቁ።

ሁለተኛው የቴክሳሱ ብሌክ ፋረንትሆልድ ናቸው። በእርሳቸው ጉዳይ 84 ሺህ ዶላር ከግምጃ ቤት ተከፍሏል። እርሳቸውም ጥፋት የለብኝም ብለዋል። ገንዘቡን ከኪሴ እመልሳለሁ ብለው ቃል ገቡ። በሚያዝያ 2018 ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሱም። ከምክር ቤቱ ሲወጡ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በእርሳቸው ላይ የነበረው ሥልጣን አብሮ አበቃ።

ሦስተኛው ከሁሉም የበለጠ እንድናስብበት የሚያስገድደን ነው። የሚኒሶታው ሴናተር አል ፍራንከን በኅዳር 16 ቀን 2017 አንዲት ሴት በይፋ ከሰሰቻቸው። ሌሎችም ተከተሉ። እርሳቸው ይቅርታ የጠየቁበት ነገር ነበር፤ የካዱትም ነበር፤ እኔ የማስታውሰው እንዲህ አይደለም ያሉትም ነበር። ኮሚቴው ይመርምረኝ ብለው ራሳቸው ጠየቁ። ምርመራው ሳያልቅ ግን የራሳቸው ፓርቲ ሴናተሮች ይልቀቁ እያሉ ተነሡ። በታኅሣሥ 7 እንደሚለቁ አስታወቁ። ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይልቀቁ ካሉት ሴናተሮች አንዳንዶቹ ተቸኩለናል ብለው ተጸጽተዋል።

እንግዲህ ሴናተር ፍራንከን ጥፋተኛ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ቀሚሱ አልታየምና መልስ የለንም። የከሰሱት ሴቶች ቃላቸው ተመርምሮ እውነት ነው የሚል መዝገብ አላገኙም። ተከሳሹም ነፃ ነህ ወይም አጥፍተሃል የሚል ውሳኔ አላገኙም። ምክር ቤቱ በ1995 በጣም ዘገየ፤ በ2017 በጣም ቸኮለ። በሁለቱም ጊዜ ፍጥነቱን የወሰነው የፓርቲዎች ስሌት ነበር።

በሩ ሲጠገን

ከዚህ ሁሉ ጩኸት በኋላ ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው በታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ተፈረመ። የግዴታው ምክር፣ የግዴታው ሽምግልናና የማብረጃው ወር ቀሩ። በትንኮሳ ምክንያት ካሳ ከተከፈለ አባሉ በ90 ቀን ውስጥ ከራሱ ኪስ ለግምጃ ቤቱ እንዲመልስ ተደነገገ፤ ወንበሩን ቢለቅም ዕዳው ይከተለዋል። ክፍያዎቹ በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑም ተወሰነ። ደመወዝ የማይከፈላቸው ተለማማጆችም በሕጉ ጥላ ሥር ገቡ። ቀደም ሲል በዚያው ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ከሚያዛት ሠራተኛ ጋር ግንኙነት እንዳይኖረው በደንቡ ከልክሏል። ለሠራተኞች ያለ ክፍያ የሚሟገት የሕግ ቢሮም አቋቁሟል።

ያልተጠገነ ክፍል ግን አለ። አባሉን የሚቀጣው ዛሬም የአባላት ኮሚቴ ነው። አባሉ ሲለቅ ኮሚቴው ሥልጣኑን ያጣል። በኅዳር 2024 የፍሎሪዳው ማት ጌትስ የኮሚቴው ሪፖርት ሊወጣ ሲል ወንበራቸውን ለቀቁ። ሪፖርቱ ይውጣ ወይስ ይቅር በሚል በአባላቱ መካከል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ በታኅሣሥ ወር ወጣ። እርሳቸው ክሱን አስተባብለዋል፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩም ቀደም ሲል ክስ ሳይመሠርት ምርመራውን ዘግቶ ነበር። እኛ እዚህ ላይ የምንለው ስለ ሰውየው አይደለም። መዝገቡ ለሕዝብ ይታይ ወይስ ይቀበር የሚለው ጥያቄ በሕግ ሳይሆን በአባላቱ ድምፅ የተወሰነ መሆኑን ነው።

ለንደን የመረጠችው መንገድ

አሁን ደግሞ ወደ ብሪታኒያ እንሻገር፤ በዚያው በ2017 ተመሳሳይ ጩኸት የተነሣበት ምክር ቤት ነው። የፓርቲ መሪዎች ስለ አባሎቻቸው የሚያውቁትን በሆዳቸው ይዘው እንደሚቀመጡ ይወራ ነበር። በ2018 ምክር ቤቱ ራሱን የቻለ የቅሬታ ሥርዓት ዘረጋ። በዚያው ዓመት ሎራ ኮክስ የተባሉ የቀድሞ ዳኛ የምክር ቤቱን ሠራተኞች ሁኔታ መርምረው ብርቱ ሪፖርት አወጡ። ዋና ምክራቸው አጭር ነበር። አባላት በአባላት ክስ ላይ እጃቸውን ይሰብስቡ ነው።

በ2020 ይህ ምክር በተግባር ዋለ። ስምንት አባላት ያሉት ገለልተኛ የባለሙያዎች ጉባኤ ተቋቋመ። ከስምንቱ አንድም የምክር ቤት አባል የለም። ክሱን ገለልተኛ መርማሪ ይመረምራል፤ ይግባኙንና ቅጣቱን ጉባኤው ይወስናል። ቅጣቱ እገዳ ወይም መባረር ከሆነ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ክርክር ግን አያደርግበትም። ተከሳሹ የሚታወቅ ተናጋሪ ቢሆን፣ ወዳጆቹ ቢበዙ፣ በዚያ ሰዓት የሚያወሩበት መድረክ የላቸውም።

ይህም እንከን አላጣውም። በ2021 ሮብ ሮበርትስ የተባሉ አባል በወሲባዊ ትንኮሳ ለስድስት ሳምንት ታገዱ። በአገሪቱ ሕግ አንድ አባል እንዲህ ሲታገድ መራጮቹ ፊርማ አሰባስበው ወንበሩን ሊያሳጡት ይችላሉ። ሕጉ ግን የሚናገረው ስለ አሮጌው የአባላት ኮሚቴ እንጂ ስለ አዲሱ ጉባኤ አልነበረም። ስለዚህ ሰውየው እገዳቸውን ጨርሰው ተመለሱ፤ እስከ 2024 ምርጫም ቆዩ። ምክር ቤቱ ቀዳዳውን የደፈነው እርሳቸው ካለፉበት በኋላ ነው።

ከተደፈነ በኋላ ምን ሆነ? የዌሊንግቦሮው ፒተር ቦን ጉዳይ ያሳየናል። በእርሳቸው ላይ የቀድሞ ሠራተኛቸው ያነሣው አቤቱታ በ2017 ለፓርቲው መሪ ቀርቦ ነበር። በፓርቲው እጅ ለዓመታት ሳይቋጭ ቆየ። ከሳሹ በ2021 ወደ ገለልተኛው ሥርዓት ሄደ። በጥቅምት 2023 ጉባኤው ማንገላታትና ወሲባዊ ትንኮሳ ተፈጽሟል ብሎ ስድስት ሳምንት እንዲታገዱ ወሰነ። እርሳቸው ክሱን አልተቀበሉም። መራጮች ግን ከሚያስፈልገው 10 በመቶ በላይ ፈረሙ፤ ወንበራቸውን አጡ፤ በየካቲት 2024 የማሟያ ምርጫ ተደረገ። አንድ አቤቱታ በሁለት በሮች አለፈ። በፓርቲው በር ለዓመታት ቆመ፤ በገለልተኛው በር ውሳኔ አገኘ። ደግሞም ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ከሳሹ ወንድ ልጅ ነው። ይህ በደል የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በግንቦት 2024 ያው ምክር ቤት ሌላ ከባድ ጥያቄ ገጠመው። አንድ አባል በከባድ የወሲብ ወይም የኃይል ወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ ገና ክስ ሳይመሠረትበት፣ ከግቢው ይራቅ ወይስ አይራቅ? አንዱ ወገን ያልተፈረደበት ሰው አይቀጣ አለ። ሌላው ሠራተኞቹ እስከዚያ ድረስ በማን ይጠበቁ አለ። ድምፁ 170 ለ169 ሆነ። በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ የአደጋው መጠን ተመዝኖ ይራቅ የሚለው አለፈ። እኛ ከዚህ የምንማረው ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደያዙ ነው። ማራቅ ቅጣት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄው ግን ቀስ በቀስ ፍርድ እንዳይሆን ምርመራው መፍጠን አለበት። የብሪታኒያው ሥርዓትም ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ምርመራው በመርዘሙ ነው።

እኛ ምን እንያዝ?

ውድ አድማጮቻችን! ከዋሽንግተንና ከለንደን ያመጣነውን ወደ ቤታችን እናስገባው።

በመጀመሪያ፣ አቤቱታ ስንሰማ የሚያድነን ጥያቄ «ሰውየው ማን ነው?» የሚለው አይደለም። «ማን ይመርምረው?» የሚለው ነው። የእኛ ፓርቲ ሰው ሲከሰስ ሴራ ነው፣ የሌላው ፓርቲ ሰው ሲከሰስ እውነት ነው የሚል ሰው ቀሚሱን አላየም፤ ያየው ወንበሩን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ባለ ክብሩ ሲያጠፋ እየተዉት ደካማው ሲያጠፋ ስለሚቀጡት እንደሆነ አስተምረውናል።

ሁለተኛ፣ ገመና መሸፈንና በደል መደበቅ የተለያዩ ናቸው። ሰው በራሱና በጌታው መካከል የሠራውን ጥፋት መሸፈን የተወደደ ነው። በሌላ ሰው ላይ የተሠራን በደል ሸፍኑት ማለት ግን የበዳዩን እጅ ማርዘም ነው። «ስማችን ይጠፋል» እያልን ልጃችንን ዝም ካሰኘናት፣ በሩን የዘጋነው በእርሷ ላይ ነው። ቀጥላ በምትገባዋ ልጅም ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ያለ ማስረጃ የሰውን ክብር መንካት ከባድ ኃጢአት መሆኑን አንርሳ። ዲናችን በንጹሓን ሰዎች ላይ ስም በሚያጠፉ ላይ ያጠበቀውን እናውቃለን። ይህ ትእዛዝ ግን ወሬ ለሚያዛምት ሰው ማስጠንቀቂያ ነው። የደረሰባትን ለዳኛ የምትናገርን ሴት አፍ መዝጊያ አይደለም። ወሬኛና አቤት ባይ አንድ አይደሉም። ወሬኛው ለጎረቤት ይናገራል፤ አቤት ባይዋ ሰሚ ወዳለበት ትሄዳለች። እርሷን ወደ ወሬ የሚገፋት የሚሰማት ዳኛ ማጣት ነው።

አራተኛ፣ የተመራጭ ሥልጣን አማና ነው። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝና በወንጀል እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ያው አንቀጽ መራጩ እምነት ባጣበት ጊዜ ተወካዩ ውክልናውን ሊያጣ እንደሚችልም ይናገራል። ጥበቃው የተሰጠው ተወካዩ የመራጮቹን ቃል ያለ ፍርሃት እንዲናገር ነው። ለገዛ ነፍሱ ምኞት ጋሻ እንዲሆነው አይደለም። መራጭ የሆነ ሁሉ ድምፁን ሲሰጥ «ይህ ሰው ቢከሰስ ማን ይመረምረዋል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ለጠየቀችን እህት

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። እህታችን ሆይ! ልጅሽን አትከልክያት። በሕዝብ ቤት ውስጥ የእኛ ልጆች መግባታቸው መልካም ነው። ባዶ እጇን ግን አትላኪያት። ከ2018ቱ ማሻሻያ ወዲህ ተለማማጅ ብትሆንም ሕጉ እንደሚጠብቃት ትወቅ። የኮንግረስ የሥራ ቦታ መብቶች ቢሮ የሚባል ከአባላቱ ቢሮዎች የተለየ መሥሪያ ቤት አለ፤ በምስጢር የሚያማክራት ሰውም በዚያ ታገኛለች። የምትገባው በተወካዮች ምክር ቤት ከሆነ ያለ ክፍያ የሚሟገትላት የሕግ ቢሮ አለ። አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነውና ቀኑን አታሳልፍ። ያልተገባ ነገር ከገጠማት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የነበሩትን ሰዎች በዚያው ቀን ትጻፍ። መልእክቶቿን አታጥፋ። ቀሚሷ እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የምታስፈልጋት የመጀመሪያዋ ገለልተኛ ሰሚ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፊቷ ጠቁሮ ብትመጣ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ። «ማንም እንዳይሰማ» ብለሽም አትጀምሪ። ቁጭ ብለሽ ስሚያት። ሰምተሽ ስትጨርሺ አቤቱታው ወደሚቀርብበት ቢሮ አብረሻት ሂጂ።

አባቶችም ወንዶች ልጆቻችሁን አትርሷቸው። ነገ ከእነርሱ መካከል ወንበር ላይ የሚቀመጥ አለ። ከእርሱ በታች የሚሠራ ሰው የእርሱ ንብረት አለመሆኑን የሚማረው ምክር ቤት ሲገባ አይደለም፤ ዛሬ በቤቱ ለእህቱና ለቤት ሠራተኛዋ ከሚናገረው ቃል ነው።

አላህ ለተበደለ ሰሚ፣ በሐሰት ለተከሰሰ መስካሪ፣ ወንበር ላይ ላለም የሚፈራ ልብ ይስጥ። አሚን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ኢንሻአላህ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።